የፍጥነት ወሰን፣ ብስክሌተኛውና አውራ ጎዳናው

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 14 ቀን 1934 የብሪታንያ የትራንስፖርት ሚኒስትር ሌስሊ ሆር ቤሊሻ ከለንደን በስተ ምዕራብ ዌስተርን አቬኑ ወደተባለው አውራ ጎዳና ሄደው አዲስ የተሠራ የብስክሌት መንገድ መርቀው ከፈቱ። መንገዱ ከሃንገር ሌን እስከ ግሪንፎርድ ሁለት ማይል ተኩል፣ ማለትም 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ነበረው። በጎዳናው ግራና ቀኝ የተዘረጋው እያንዳንዱ መሥመር 8 ጫማ ተኩል፣ ወይም 2 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ተሰጥቶት ነበር። ከሦስት ወር በኋላ፣ ማርች 18 ቀን 1935፣ በከተማና በመንደር ውስጥ የሚያልፍ መኪና ሁሉ በሰዓት ከ30 ማይል፣ ማለትም ከ48 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይነዳ የሚያዝ ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። (እዚህ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱ እርምጃዎች ከአንድ ሚኒስቴር የወጡ፣ በጥቂት ወራት ልዩነት የተፈጸሙ ናቸው። አንዱ ብስክሌተኛውን ከመኪናው ለየው፤ ሌላው የመኪናውን ፍጥነት ገታ። ይሁን እንጂ ሁለቱ አንድ ሐሳብ ሆነው አልተጋጠሙም። በመካከላቸው የቀረው ክፍተት የሰው ሕይወት የሚጠፋበት ክፍተት ነበር። ይህንንም ለመዝጋት ሌላ አገርና ሌላ አርባ ዓመት አስፈልጓል። የታሪኩ ትምህርት መንገድ ለሚነድፍና ለሚሠራ ባለሙያ ዛሬም አላረጀም።

፩. የመጀመሪያው ቅጣትና የመጀመሪያው ሞት

በብሪታንያ የፍጥነት ወሰን ከቤንዚን መኪና በፊት የተወለደ ነው። በእንፋሎት ኃይል የሚሄዱ ከባድ ጎታቾች በመንገድ ላይ በታዩ ጊዜ፣ የ1865 ሕግ ፍጥነታቸውን ከከተማ ውጭ በሰዓት 4 ማይል፣ በከተማ ውስጥ 2 ማይል አድርጎ ወሰነ። ከዚህም በላይ አንድ ሰው ቀይ ባንዲራ ይዞ ከፊት ለፊት በእግሩ እንዲሄድ አዘዘ። የሕጉ መንፈስ ግልጽ ነበር። መንገድ የእግረኛና የፈረስ ነው፤ እንግዳ ሆኖ የመጣው ማሽን ለነባሩ ተጠቃሚ ይገዛ የሚል ነበር።

በዚያው ዘመን ሌላ እንግዳ በጎዳናው ላይ በቀለ፤ እርሱም ብስክሌት ነው። የብስክሌት ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ1886 የመንገድ መሻሻል ማኅበርን አቋቁመው፣ አቧራና ጭቃ የሞላበት መንገድ እንዲደለደልና እንዲጠገን በብርቱ መጐትጐት ጀመሩ። በኋላ መኪና የጋለበበትን ለስላሳ መንገድ አስቀድመው የጠየቁት ብስክሌተኞች መሆናቸው በታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 የወጣ ሕግ ብስክሌትን እንደ ሠረገላ ቆጠረው፤ በዚህም ብስክሌተኛው በመንገድ የመሄድ መብቱ በሕግ ተረጋገጠለት።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1896 ዎልተር አርኖልድ የተባለ ሰው በኬንት ግዛት ፓዶክ ውድ በተባለች መንደር ውስጥ በሰዓት 8 ማይል ሲነዳ ታየ፤ ይህም ከተፈቀደው አራት እጥፍ ነበር። አንድ የፖሊስ ባልደረባ 5 ማይል ያህል አሳድዶ ያዘው። ፖሊሱ ያሳደደው በብስክሌት ነበር። በብሪታንያ በፍጥነት ጥፋት የተቀጣ የመጀመሪያው ባለመኪና ይህ ሰው ሲሆን፣ መቀጫውም አንድ ሽልንግና የፍርድ ቤት ኪሣራ ነው። የመጀመሪያውን መኪና አባርሮ ለመያዝ የብስክሌት ጉልበት በቂ ነበር ማለት ነው።

ይህ የእኩልነት ዘመን ግን ዕድሜው አጭር ሆነ። በዚያው ዓመት ኦገስት 17 ቀን ብሪጅት ድሪስኮል የተባሉ ሴት በለንደን ክሪስታል ፓላስ ግቢ በመኪና ተገጭተው ሞቱ። በአገሪቱ በመኪና የተገደሉ የመጀመሪያዋ እግረኛ መሆናቸው ይነገራል። የአሟሟቱ መርማሪ ዳኛ እንዲህ ያለ ነገር ዳግመኛ እንዳይደርስ ያላቸውን ተስፋ ገለጹ። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ኖቬምበር 14 ቀን፣ ወሰኑን ወደ 14 ማይል ከፍ የሚያደርገው ሕግ ጸና። በ1903 የወጣው ሕግ ደግሞ ወደ 20 ማይል አሳደገው።

፪. የተነሣውና የተመለሰው ወሰን

የ20 ማይሉ ወሰን ለሩብ ምዕተ ዓመት በመጽሐፍ ላይ ቢኖርም በጎዳና ላይ አልኖረም ማለት ይቻላል። መኪናዎቹ በየዓመቱ እየፈጠኑ ሄዱ፤ መንገዶቹም እየሰፉና እየተቃኑ ተሠሩ። ፖሊስ ሰዓት ይዞ በአጥር ሥር ሲሸምቅ፣ ባለመኪናዎች ደግሞ በማኅበር ተደራጅተው ወጥመዱ ያለበትን ስፍራ እርስ በርሳቸው ይጠቋቆሙ ነበር። በመጨረሻም ማንም የማያከብረው ሕግ ሕግን ሁሉ ያስንቃል የሚለው ክርክር በፓርላማ አሸነፈ። የ1930 የመንገድ ትራፊክ ሕግ ለቀላል መኪናዎች የነበረውን የፍጥነት ወሰን ጨርሶ አነሣ።

የክርክሩ መነሻ እውነትነት ነበረው፤ መደምደሚያው ግን ስሕተት ነበር። ሕጉ ያልተከበረው ቁጥሩ ስለ ከፋ ብቻ አይደለም። መንገዱ ራሱ አሽከርካሪውን ወደ ሌላ ፍጥነት ይጋብዘው ስለ ነበር ነው። ሰሌዳው 20 ሲል ሰፊውና ቀጥተኛው ጎዳና 50 ይል ነበር፤ አሽከርካሪውም የታዘዘው ለጎዳናው ነው። ከዚህ የሚከተለው ትክክለኛ እርምጃ ጎዳናውን ከሰሌዳው ጋር ማስታረቅ ነበር። የተወሰደው እርምጃ ግን ሰሌዳውን መንቀል ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1934 በብሪታንያ መንገዶች 7,343 ሰዎች ሞቱ፤ ከ231,000 በላይ ቆሰሉ። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ የነበረው የሞተር ተሽከርካሪ 2 ሚሊዮን ተኩል እንኳ አይሞላም። ለንጽጽር ያህል፣ ከ40 ሚሊዮን በላይ ተሽከርካሪ በተመዘገበበት በ2023 የሞቱት 1,624 ናቸው። በ1930ዎቹ ከሟቾቹ አብዛኞቹ በመኪና ውስጥ የነበሩት ሳይሆኑ በእግራቸው፣ በብስክሌትና በሞተር ብስክሌት የሚሄዱት ነበሩ።

ሆር ቤሊሻ በዚያው ዓመት ሚኒስትር ሆነው ሲሾሙ የተረከቡት ይህን የሞት መዝገብ ነው። የእግረኛ ማቋረጫን በቢጫ አምፑል አስጠቆሙ፤ ለአዲስ አሽከርካሪዎች የመንጃ ፈተናን ግዴታ አደረጉ፤ የ30 ማይሉንም ወሰን በሥራ ላይ አዋሉ። በ1935 የሟቾቹ ቁጥር ወደ 6,502 ወረደ። ቅናሹን ለአንዱ እርምጃ ብቻ መስጠት አይገባም፤ ሁሉም በአንድ ዘመን የመጡ ናቸውና። ነገር ግን የፍጥነት ወሰን ጊዜው ያለፈበት ነገር ነው የሚለው አስተሳሰብ በዚያው ቀረ።

አዲሱ ሕግ አንድ ጉድለት ነበረበት። ወሰኑ የሚጸናበት «የሕዝብ መኖሪያ አካባቢ» በምን ይታወቃል ለሚለው ጥያቄ መልሱ የመንገድ መብራት ሆነ። የመብራት ምሰሶዎች ከ200 ያርድ፣ ማለትም ከ183 ሜትር ባልበለጠ ርቀት የተተከሉበት መንገድ በወሰኑ ውስጥ ይገባል። ለፖሊስና ለዳኛ ይህ ምቹ መለኪያ ነው። ነገር ግን ሕጉ ምሰሶዎችን ይቆጥራል እንጂ ብስክሌተኞችን አይቆጥርም። ከፋብሪካ የሚወጣ ሠራተኛ በብዛት በብስክሌት የሚሄድበት፣ መብራት ግን ያልተተከለበት አውራ ጎዳና ከወሰኑ ውጭ ሊሆን ይችላል።

፫. የተለየው መንገድ

ዌስተርን አቬኑ የዚህ ዓይነት አዲስ ጎዳና ነበር። ለመኪና ታስቦ በሰፊው የተቀደደ ሲሆን፣ ወዲያው በዳርና ዳሩ ፋብሪካና መኖሪያ ተተከለበት። በፔሪቬል የሚገኘው ዝነኛው የሁቨር ፋብሪካ በ1933 ሥራ የጀመረው በዚሁ ጎዳና ዳር ነው። በዚያ ዘመን በብሪታንያ የብስክሌቱ ቁጥር ከሞተር ተሽከርካሪው እጅግ ይበልጥ ስለ ነበር፣ ጠዋትና ማታ ጎዳናውን የሚሞላው ማን እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም። የሚኒስቴሩ መሐንዲሶችም ብስክሌተኛውን በተለየ መንገድ የማስኬድ ልማድ ካላት ከኔዘርላንድ አሠራሩን ጠይቀው ተረድተው ነበር።

ሐሳቡ በጎ ሆኖ ሳለ፣ የተሠራለት ሕዝብ ግን በደስታ አልተቀበለውም። የብስክሌት ማኅበራቱ አጥብቀው ተቃወሙት። ስሞታቸው ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው የመብት ነው። ዛሬ የተለየ መንገድ ከተሠራልን ነገ ከዋናው ጎዳና ውጡ እንባላለን፤ አደጋውን ያመጣው መኪናው ሆኖ ሳለ የሚባረረው ብስክሌተኛው ነው አሉ። ይህ ፍርሃት ከንቱ አልነበረም። በ1939 በሎርድ አልነስ የተመራው የላይኛው ምክር ቤት ኮሚቴ ብስክሌተኛውን ከመኪናው መለየትን ካጸደቀ በኋላ፣ በቂ መንገድ ሲሠራ በዚያ መሄድ ግዴታ እንዲሆን አሳስቦ ነበር።

ሁለተኛው ስሞታ የሥራው ጥራት ሲሆን፣ መሐንዲስን በቀጥታ የሚመለከተው ይህ ነው። የብስክሌቱ መንገድ ወደ ጎን መንገዶች መገንጠያ በደረሰ ቁጥር ይቋረጥ ነበር። ብስክሌተኛው በቀጥተኛው መንገድ ላይ፣ አደጋው ቀላል በሆነበት ስፍራ፣ ይጠበቃል። መገንጠያው ላይ ሲደርስ፣ መኪና በሚታጠፍበትና ጥበቃው በሚያስፈልግበት ቅጽበት፣ ይለቀቃል። በመገንጠያውም ላይ የሚታጠፈው መኪና ፍጥነቱን እንዲቀንስ የሚያስገድድ አንዳች የግንባታ ነገር አልነበረም። ጠባብ መታጠፊያ የለም፤ ከፍ ያለ ማቋረጫም የለም። የዕቅዱ ድካም ያለው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። መለየቱና ፍጥነትን መግታቱ በአንድ ስፍራ ላይ ሳይገናኙ ቀሩ።

ከዚያ በኋላ በሌሎች ጎዳናዎችም ተመሳሳይ መሥመሮች ተሠሩ። በመሐል ጦርነት መጣ። ከጦርነቱ በኋላ ብስክሌተኛው እያነሰ፣ መኪናው እየበዛ ሄደ፤ ከመሥመሮቹም ብዙዎቹ ተዘነጉ።

፬. የቁጥሩ ትርጉም

የፍጥነት ወሰን የፖሊስና የባለመኪና ክርክር ብቻ ሆኖ ሲቀርብ የነገሩ ባሕርይ ይሸፈናል። አንድ አሽከርካሪ ከፊቱ እንቅፋት አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ አንድ ሴኮንድ ይፈጅበታል እንበል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በዚያች ሴኮንድ 8 ሜትር ይጓዛል፤ በደረቅ አስፋልት ላይ ጥሩ ፍሬን ካለውም 5 ሜትር ያህል ጨምሮ ይቆማል። በድምሩ 13 ሜትር ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ግን በዚያችው ሴኮንድ 14 ሜትር ሊሞላ ይቃረባል፤ ለመቆም ደግሞ ሌላ 14 ሜትር ይሻል። እንግዲህ የመጀመሪያው መኪና ፈጽሞ በቆመበት ስፍራ ሁለተኛው ገና ፍሬኑን አልነካም። በዚያ ስፍራ የወደቀ ብስክሌተኛ ቢኖር፣ አንዱ ሳይነካው ይቆማል፤ ሌላው ፍጥነቱ ሳይቀንስ ይመታዋል።

የመመታቱም ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በእኩል መጠን አያድግም፤ በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል። ከ30 ወደ 50 ሲኬድ ፍጥነቱ በሁለት ሦስተኛ ብቻ ሲጨምር፣ ኃይሉ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። መኪና ውስጥ ያለው ሰው ብረት፣ ቀበቶና የአየር ከረጢት አለው። ብስክሌተኛው ያለው የራሱ አጥንት ነው።

መሐንዲሶች ለብዙ ዘመን ወሰን ሲያወጡ ከመቶ አሽከርካሪ ሰማንያ አምስቱ ከማያልፉት ፍጥነት መነሣትን እንደ መልካም ደንብ ይዘውት ኖረዋል። ደንቡ በባዶ አውራ ጎዳና ላይ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ሰውና መኪና በተቀላቀለበት መንገድ ላይ ግን አንድ ወገን ብቻ የሚመሰክርበት ችሎት ይሆናል፤ የአሽከርካሪው ፍላጎት ሲለካ የብስክሌተኛው ሥጋት አይለካምና። በጣም የፈራውም ብስክሌቱን ቤት ትቶ ስለሚወጣ ከነጭራሹ በቆጠራው ውስጥ አይገባም።

፭. በኔዘርላንድ የሆነው

ኔዘርላንድ ዛሬ የብስክሌት አገር ተብላ ስትጠራ ከጥንትም እንዲሁ የኖረች የሚመስለው ብዙ ነው። እውነቱ ሌላ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ለመኪና ስትል ከተሞችዋን ቀድዳ መንገድ አስፍታለች። በከተማ ውስጥ የ50 ኪሎ ሜትር ወሰን በ1957 ብትደነግግም ሞቱን አላስቆመውም። በ1971 በመንገዶችዋ ከ3,200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከነዚህም ከ400 በላይ የሚሆኑት ልጆች ነበሩ።

በመኪና አደጋ ልጁን ያጣ ቪክ ላንገንሆፍ የተባለ ጋዜጠኛ በ1972 ደ ታይድ በተባለው ጋዜጣ ላይ የልጆቹ እልቂት እንዲቆም የሚጠይቅ ጽሑፍ አወጣ። የጽሑፉ ርእስ የአንድ ሕዝባዊ እንቅስቃሴ መጠሪያ ሆነ። ወላጆች ከነልጆቻቸው አደባባይ ወጡ፤ በመንገድ ላይ ተቀመጡ። ይህ በሆነ በዓመቱ የ1973 የነዳጅ ችግር ደረሰና እሑድ እሑድ መኪና እንዳይነዳ ተከለከለ። ሕዝቡም በጸጥተኛው አውራ ጎዳና ላይ በእግሩና በብስክሌቱ ተመላለሰበት። የጠፋበት ምን እንደ ነበረም በዓይኑ አየ።

ከዚያ በኋላ የተሠራው ሥራ ደረጃ በደረጃ ነው። በ1974 ከከተማ ውጭ ለሚገኙ መንገዶችም ወሰን ወጣ። በ1975 ዓመተ ምሕረት ገደማ መንግሥት በሄግና በቲልበርግ ከተሞች የናሙና ብስክሌት መንገድ ማሠራት ጀመረ። መንገዶቹ በብስክሌተኛው ተወደዱ፤ ሆኖም አንድ መሥመር ብቻውን የከተማን ልማድ አልለወጠም። ብስክሌተኛው ጉዞውን የሚጀምረውና የሚጨርሰው ከመሥመሩ ውጭ ስለ ሆነ ነው። ስለዚህ በ1980ዎቹ በዴልፍት ከተማ መላውን ከተማ የሚያገናኝ መረብ ተሞከረ። በዚሁ ዘመን ሰፈሮች የ30 ኪሎ ሜትር ክልል የሚሆኑበት ሕግ ወጣ።

በ1990ዎቹ ይህ ልምድ ተሰብስቦ አንድ መርሕ ሆነ። ፍሬ ነገሩ አጭር ነው። ሰው ይሳሳታል፤ መንገድ የሚሠራውም ስሕተቱ ሞት እንዳይሆን ተደርጎ ነው። መኪናና ብስክሌት በአንድ ላይ በሚሄዱበት ስፍራ ፍጥነቱ ከ30 አይለፍ። ፍጥነቱ ከዚያ ማለፍ ግድ በሆነበት አውራ ጎዳና ላይ ብስክሌተኛው ይለይ። በመገንጠያ ላይ መለየት ስለማይቻል፣ እዚያ ፍጥነቱ እንደገና ይውረድ። ለዚህም አደባባይ፣ ከፍ ያለ ማቋረጫና ጠባብ መታጠፊያ ይሠራ። በዌስተርን አቬኑ ተለያይተው የቀሩት ሁለቱ ሐሳቦች እነሆ በዚህ መርሕ ተጋቡ።

ውጤቱ ፍጹም ነው ማለት አይደለም። በ2023 በኔዘርላንድ መንገዶች 684 ሰዎች ሞተዋል፤ ከነዚህም 270ዎቹ ብስክሌተኞች ናቸው። ነገር ግን ሕዝቡም መኪናውም ከ1971 እጅግ በዝቶ ሳለ፣ የሟቹ ቁጥር ወደ አንድ አምስተኛ ግድም ወርዷል። በዲሴምበር 2023 አምስተርዳም የአብዛኛውን መንገድዋን ወሰን ወደ 30 ኪሎ ሜትር ዝቅ አድርጋለች። ቀደም ብሎም፣ በፌብሩዋሪ 2020 በስቶክሆልም የተሰበሰበው የዓለም የመንገድ ደኅንነት ጉባኤ፣ እግረኛና ብስክሌተኛ ከመኪና ጋር በሚቀላቀልበት ስፍራ ይህንኑ ወሰን መክሯል።

፮. የነዳፊው ድርሻ

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ መሐንዲስ ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ብስክሌተኞች በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ ተሰልፈዋል፤ በባሕር ዳርና በሐዋሳም ብስክሌት የተማሪውና የሠራተኛው መጓጓዣ ሆኖ ኖሯል። በአዲስ አበባ በዲሴምበር 2018 «መንገድ ለሰው» በሚል ስም አውራ መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛና ለብስክሌት ተከፈቱ። ከ2024 ጀምሮ በተካሄደው የኮሪደር ልማትም የብስክሌት መሥመሮች ተሠርተዋል። እንግዲህ ሁለቱም ሐሳቦች ገብተዋል ማለት ነው፤ የቀረው ማጋጠሙ ነው።

መጋጠሚያውም ከሁሉ ይልቅ የሚፈተነው አገር አቋራጩ አስፋልት ትንሽ ከተማን ሰንጥቆ በሚያልፍበት ስፍራ ነው። ለረጅም ጉዞ የተነደፈው ጎዳና እዚያ ሲደርስ የገበያ መንገድ፣ የትምህርት ቤት መንገድና የጋሪ መንገድ ይሆናል። ስፋቱና ቀጥተኛነቱ ግን አልተለወጠም። በከተማዋ መግቢያ ላይ የተተከለው ሰሌዳ አንድ ነገር ይላል፤ አስፋልቱ ሌላ ይላል። የ1903 የብሪታንያ ሕግ የወደቀበት ጉድጓድ ይኸው ነው። ሰሌዳ ብቻውን አይበቃም፤ መግቢያው ይጥበብ፣ ማቋረጫው ከፍ ይበል፣ የብስክሌቱ መሥመር ተዘርግቶ እንደሆነም በመገንጠያው ላይ አይቋረጥ።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላል የአገሬው ተረት። በአውራ ጎዳና ላይ የፈሰሰውን ግን መልቀም አይቻልም። በ1896 የአሟሟቱን መርማሪ ዳኛ የተናገሩት ተስፋ ተስፋ ብቻ ሆኖ የቀረው፣ ቃሉን የሰማው ችሎቱ እንጂ መንገዱ ስላልነበረ ነው። አደጋ በደረሰ ቁጥር አሽከርካሪው ቸኩሎ ነው፣ ብስክሌተኛው ዘንግቶ ነው ይባላል፤ ብዙ ጊዜም ሁለቱም እውነት ናቸው። ነገር ግን ችኮላና ዝንጋታ ከሰው የማይለዩ መሆናቸው አስቀድሞ የታወቀ ነው። አስቀድሞ የታወቀን ነገር በንድፍ ውስጥ ማስገባት የመሐንዲስ ሥራ ነው፤ ድልድይ የሚሠራ ሰው ጎርፍ አለመምጣቱን ተስፋ አድርጎ አይሠራምና።